የአይከሉ ታንክ

ማልሞ፣ ጥር 20 ቀን 2016

ለእህቴ ለናዝራዊት ቢሻው፣

የጥምቀቱ ጌታ አንቺንም እትዬ ይርገዱንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። አውቶቡሴን እነዳለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ደግሞ ወደ ክበቤ እሄዳለሁ። ኔቱ ከተዘጋ ወዲህ ወሬያችሁ ስለራቀኝ ይህችን ደብዳቤ አዲስ አበባ በሚገባ ሰው እጅ ልኬያታለሁ።

ስለ ክበቡ የነገርኩሽ አይመስለኝም። ትንንሽ ታንክ እንሠራለን። አትሳቂ። ፕላስቲኩ ተቆራርጦ በሣጥን ይመጣል፤ ገጣጥመን፣ አጣብቀን፣ እንቀባዋለን። ሲያልቅ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ዋናው ጥበብ ግን ከቀለሙ በኋላ ያለው ነው፤ እኛ ማስረጀት እንለዋለን። አዲሱን ታንክ ዝናብ የመታው፣ ጭቃ የበላው፣ ዝገት የወረሰው ማስመሰል ነው። ዝገቱን በቡናማ ዱቄት እናመጣዋለን፤ ቀለሙን የተላጠ የሚያስመስለው የሴቶች የፀጉር ስፕሬይ ነው፤ ጥላሸቱ ደግሞ የከሰል ብናኝ ነው። እኔ በዝገት የታወቅሁ ሆኛለሁ። አንዱ የክበባችን ሽማግሌ የሠራሁትን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ብረት ብረት ይሸታል ብሎኛል።

አሁን የአገሬን ታንክ ልሠራ አማረኝ። ከአይከል አለፍ ብሎ በመተማ መንገድ ዳር የቀረውን፣ ሴቶቹ ብቅል የሚያሰጡበትን ታውቂዋለሽ። በአራቱም ጎኑ ፎቶ አንሺልኝ፤ በተለይ መድፉ ያለበትን ራሱን፣ ቁጥር ካለው ቁጥሩን። ከሰንሰለቱ ሥርም አንድ ማንኪያ አፈር በላስቲክ ቋጥረሽ ላኪልኝ፤ የጭቃውን መልክ ከእሱ እቀዳለሁ። አጎቴ ቢሻው ታንከኛ ስለነበር ለእሱ መታሰቢያ ይሆናል ብዬ ነው።

የእትዬ ይርገዱን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሐዲስ


ጎንደር፣ ፀዳ፣ የካቲት 16 ቀን 2016

ለአያ ሐዲስ፣

ሰላምህ ይብዛ። እማዬ “እግዜር ይስጠው፣ በሄደበት ሁሉ ሞገስ ይሁነው” ብላለች። ምርቃቱ የእሷ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የእኔ ነው።

ምነው፣ ጤናም የለህ? በዚህ ጊዜ ታንክ ፎቶ አንሺልኝ ትለኛለህ? የአይከል መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ላብራቶሪ ያለ አንድ ልጅ የእህቱን ሠርግ ሲቀርጽ ከሙሽሮቹ ኋላ የወታደር መኪና ገብቶበት ታስሮ ነው የተፈታ። እኔ ደግሞ ታንኩን በአራቱም ጎኑ አንስቼ፣ አፈሩን በላስቲክ ቋጥሬ ስያዝ ምን ልበል? ስዊድን ያለው ያጎቴ ልጅ ለመጫወቻ ፈልጎት ነው ልበል? አንተ እዚያ ብር አውጥተህ ዝገት ትገዛለህ፤ እኛ እዚህ ሳንገዛው እያረጀን ነው። ሰው እንዴት ሞልቶት ይህን ያህል ሥራ ይፈታል እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ ከረምኩ።

ሌላው ነገር መታሰቢያ ያልከው ነው። ለእማዬ ሳነብላት እሷን ቃል ዘለልኳት። መታሰቢያ ለሞተ ሰው ነው። አባዬ ሞተ ብሎ በራችንን ያንኳኳ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሠራዊቱ ሲበተን እኔ የወር ልጅ ነበርኩ፤ ያኔ ወደ መተማ አቅጣጫ ከሄደ በኋላ ያየው አልተገኘም። እማዬ ጥቁር አልለበሰችም፤ ተዝካር አላወጣችም፤ በቁም ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ነውር ነው ትላለች። ዛሬም ከመተማ የመጣ ሽማግሌ ካገኘች “ሱዳን ከቀሩት ውስጥ ቢሻው የሚባል ታውቃለህ?” ሳትለው አታልፍም። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የተማርኩ ነኝ፤ የሚሆነውን አውቃለሁ። ነገር ግን መርዶ ካልመጣ በእኛ ቤት ሞት የለም። ስለዚህ ቃልህን መርጠህ ጻፍ።

ይልቅ የሚረባ ነገር ልጠይቅህ። የዓይኗን ግፊት የሚቀንሰው ጠብታ ከመድኃኒት ቤቱ ሁሉ ጠፍቷል። ቀኝ ዓይኗ ደክሟል፤ ግራውም እየተከተለው ነው። የጠብታውን ስም ከታች ጽፌዋለሁ። ታንክህን ትተህ እሱን ላክ።

ናዝራዊት


ማልሞ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016

ለናዝራዊት፣

የያዝሽው ጾም የበረከት ይሁንልሽ። ተቆጥተሻል፤ ተገቢ ነው፤ አልከራከርሽም። ጠብታውን አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ሙቀት እንዳይነካው አደራ።

የታንኩን ፎቶ ተዪው፤ አግኝቼዋለሁ። አንድ ሰው ደኅና ጊዜ ለጉብኝት መጥቶ ሳለ አንስቶት ኖሮ የእኛ ዓይነት ሰዎች በሚሰባሰቡበት ገጽ ላይ ለጥፎታል። ጥርት ያለ ነው። የቀኝ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ነዷል፤ ራሱ ላይ ያለው ቁጥር ግን በዝገቱ መሃል ይነበባል።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ሳሎናችሁ ያለውን የአጎቴን ፎቶግራፍ፣ ታንክ ላይ ተቀምጦ የተነሳውን፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት ወስደሽ ቅጂ አሠሪልኝ። ከክርኑ በስተኋላ ያለው በደንብ ይታይ። ለምን እንደፈለግሁት ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ሰንሰለቱን ጨርሼዋለሁ። እያንዳንዷን ጥፍር ለየብቻ ነው የሰካሁ። ጭቃውን ከፎቶው ገምቼ ሠራሁት፤ የቆላው መሬት ጥቁር ስለሆነ ከዚህ ሰዎች ቀይ ጭቃ ይለያል።

ወንድምሽ ሐዲስ


ጎንደር፣ መጋቢት 30 ቀን 2016

ለአያ ሐዲስ፣

እንደምን ሰነበትክ። ጠብታው ደርሷል፤ እግዜር ያክብርልን። እማዬ ከተጨመረላት ወዲህ ደስ ብሏት ታንቀላፋለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ለነገሩ የጠየቅኸውን ፎቶ ከዚሁ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ነገር ግን ምን እንዳደረግህ ስማ። ፍሬሙን ከግድግዳ ሳወርደው እማዬ ሰማች። “ምን ልታደርጊው ነው?” አለችኝ። አያ ሐዲስ ፈልጎት ነው አልኳት። ራሷ ተነስታ መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። “ፎቶ የሚጠየቀው ሰው ሲፈለግ ነው” አለች። “ሐዲስ አንድ ነገር ሰምቷል። ወይ ካርቱም አግኝተውታል፣ ወይ እዚያ እሱ ያለበት አገር።” ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷ በርቷል። ለጎረቤታችን ለእጅጋየሁ ሳይቀር ነግራታለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር “እሱ ነው?” ትለኛለች።

በዚህ ዕድሜዋ ተስፋ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም እንዳልል አንተም ከእሷ እጅ በልተህ ያደግህ ነህ። የቁጥሩ ነገር እኔን አልጠፋኝም። ከክርኑ ኋላ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ይላል፤ እማዬ በቃሏ የምታውቀው ነው። ያንተኛው ስንት ይላል? በስልክ እንዳትነግረኝ፤ እማዬ አጠገቤ ናት፣ መስመሩም የሰው ጆሮ አያጣም። ጽፈህ ላክልኝ፣ ለእኔ፣ በስሜ። የማደርገውን እኔ አውቃለሁ። ሌላ ዙሪያ ጥምጥም አልፈልግም።

ናዝራዊት


ማልሞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016

ለናዝራዊት፣

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሳችሁ። አዘዞ ቤተሰብ ያላት ሄለን የምትባል የዚህ አገር ነዋሪ ለበዓል ስለምትገባ ሣጥን ሰጥቻታለሁ። ጨዋ ልጅ ናት፤ አደራ አታጎድልም። በሣጥኑ ውስጥ ታንኩ አለ። አልቋል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ክበቡ ኤግዚቢሽን ላይ አውጣው ቢለኝም እምቢ ብያለሁ፤ የእናንተ ነው።

የጠየቅሽኝን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ። አልሆነልኝም። የማውቀውን ሁሉ እጄ ሠርቶታል። ቀኝ ጎኑን እዪ፤ ቁጥሩን እዪ። አንቺ አይተሽ፣ ጊዜውን መርጠሽ፣ ለእትዬ ይርገዱ ቀስ ብለሽ ታሳዪያታለሽ። በቃል ከሚነገር በእጅ የተዳሰሰ ይሻላል ብዬ ነው።

የጥላሸቱ ዱቄት አልተጣበቀም፤ ካጣበቁት መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ሲያነሱት ከሥሩ ይያዝ።

ወንድምሽ ሐዲስ


ጎንደር፣ ግንቦት 2 ቀን 2016

ለሐዲስ፣

ሰላምታ የለኝም። ምርቃትም ከእማዬ አልመጣም።

ሣጥንህ ከደብዳቤህ ቀድሞ ደረሰ። የፋሲካ ማግስት ሰኞ እኔ ተረኛ ሆኜ ሆስፒታል ነበርኩ። ሄለን በሩን አንኳኳች፣ እማዬ ከፈተችላት። ልጅቷ ስለ አባዬ ምንም አታውቅም፤ በእሷ አልፈርድም። “ከሐዲስ ነው” ብላ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እማዬ በደስታ እጅጋየሁን ጠርታ አስከፈተችው።

ዓይኗ አጥርቶ እንደማያይ ታውቃለህ። በጣቷ ነው ያየችው። መድፉን ዳሰሰች፣ ሰንሰለቱን ዳሰሰች፣ “የባሌ ታንክ ነው፣ እጁ ይባረክ” አለች። ከዚያ ቀኝ ጎኑን ስትነካ ጣቷ ላይ የሆነ ነገር ቀረ፤ በበዓል ቀሚሷ ጠረገችው፤ ቀሚሱ ላይ ጥቁር ወጣ። “ይሄ ምንድነው?” ብላ ጠየቀች። ሄለን ደግሞ በቅንነት፣ “ጥላሸት ነው እማማ፣ አይከል መንገድ ላይ የተቃጠለውን ነው የሠራው፣ ቁጥሩ እንኳ አልቀረም” አለቻት። እማዬ እጅጋየሁን “አንብቢልኝ” አለቻት። እጅጋየሁ አነበበችላት።

አልጮኸችም። “ለእንግዳዋ ወጥ ጨምሪላት” ነው ያለችው። ማታ ስገባ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች፤ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች፣ እጇን እንዳልታጠበች።

አሁን እኔ ልናገር። ነገር በምሳሌ ይባላል፣ ልክ ነው። መርዶ ግን በምሳሌ አይነገርም። መርዶ ሥርዓት አለው። የነፍስ አባት ይጠራል፤ የሚናገር ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በጓሮ ይቆያል፤ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። የሚነገረው ሰው በዚያ ሰዓት በሩ ሲመታ ገና ልቡ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ፤ አብሮት የሚጮህ ሰው አለ። አንተ ይህን ሁሉ ዘለህ ለእናቴ የባሏን ሞት በአሻንጉሊት ላክህላት። እኩለ ቀን ላይ፣ በማታውቃት ልጅ አፍ፣ አንዲት ጎረቤት ብቻ ባለችበት። ከሥሩ ይያዝ ብለህ ጽፈሃል፤ የተጨነቅኸው ለዱቄቱ ነው። ለፕላስቲክ ጥፍር ለየብቻ የሚጨነቅ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር መጻፍ እንዴት ያቅተዋል?

ደግሞስ ታንኩ ቢቃጠል እሱ ውስጡ እንደነበረ በምን አወቅህ? ሳታውቅ ነው የገደልኸው?

ናዝራዊት


ማልሞ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016

ለናዝራዊት፣

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ለሄለን ለአንቺ ብቻ ስጪ ብዬ አለማሳሰቤ ጥፋት ነው። ከዚያ በላይ ግን አልሸከምልሽም። እኔንም ይቆጨኛል፣ እኔም ይነደኛል።

በምን አወቅህ ብለሻል። አያ አለነን ጠይቂ። አዎ፣ አጎታችንን፣ አይከል ያለውን፣ የአባቶቻችንን ታናሽ ወንድም። የሁለቱ ፎቶ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ካየሁ በኋላ ደወልኩለት። መጀመሪያ ካደኝ። ቆይቶ ድምፁ ተለወጠና “በእጄ ነው ያወጣሁት” አለኝ። አጎቴን ከዚያ ታንክ አውጥቶ፣ ከሁለት ገበሬ ጋር ሆኖ፣ ከመንገዱ በላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀብሮታል። ፍትሐት እንኳ አልተደረገለትም፤ ቄሶቹ ሸሽተው ነበር። አባቴም ያውቅ ነበር፤ ሳይናገር ሞተ።

ይህ ሰው በየበዓሉ እናንተ ቤት ይመጣል። እትዬ ይርገዱ አቅፋ ትስመዋለች፤ ስለ ሱዳን ስታወራው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማታል። ሴቶቹ ባሏ የነደደበት ብረት ላይ ብቅል ሲያሰጡ እያየ በየገበያው ያልፋል። እሱን ሰላምታ ነፍገሽው ታውቂያለሽ? በስዊድን ጨለማ ቁጭ ብዬ ስለ አጎቴ ያለቀስኩ እኔ ነኝ። አንቺ አሻንጉሊት ትይዋለሽ፤ እኔ ሌላ ቀብር አላየሁለትም።

እትዬ ይርገዱ ዘንድ ደውያለሁ፣ ታንኩን ከመላኬ በፊት። “ልጄ” ስትለኝ ስለ ዓይኗ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት። እሱን አልክድም። ግን ሁላችሁም ዝም ባላችሁበት አገር እኔን ብቻ አትክሰሺኝ።

ሐዲስ


ጎንደር፣ ሰኔ 14 ቀን 2016

ለአያ ሐዲስ፣

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። መንገዱ እንደተከፈተ አይከል ሄጄ ነበር። አጎታችንን ደጁ ላይ አገኘሁት። ቁጭ በይ አለኝ፤ አልቀመጥም አልኩ። “አባቴ የት ነው?” አልኩት።

አልካደም። እንዲህ አለኝ፦ “እናትሽ አራስ ነበረች። አራስ መርዶ አይረዳም፤ ጡቷ ይደርቃል፣ ልጅም እናትም ይሞታል። ጡት እስክትጥል ብለን ተስማማን። ጡት ስትጥዪ ፈንጣጣ መሳይ ያዘሽ፤ እስክትድኚ አልን። ዳንሽ፤ በዚያው ሰሞን የእናትሽ እናት ሞቱ፤ በሐዘን ላይ ሐዘን አይጨመርም አልን። የሐዲስ አባት ታላቅ ነውና እሱ ይንገር አልኩ፤ እሱ አንተ ነህ የቀበርኸው አንተ ንገር አለኝ። ከዚያ እናትሽ ሱዳን ነው ማለት ጀመረች። እንግዲህ ምን ብዬ ልጀምረው? አሥር ዓመት የት ነበርክ ብትለኝስ?”

ሰማኸው? እኔን ለማትረፍ ተባለ፣ እኔ እንግዲህ ጡት ከጣልኩ ስንት ዘመኔ ነው። ጮኼበታለሁ። በሕይወቴ በታላቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አልጸጸትም። ስመለስ አውቶቡሱ በታንኩ አጠገብ ሲያልፍ ፊቴን አላዞርኩም፤ አየሁት። የሠራኸውን ይመስላል። ይህን የምጽፈው ላመሰግንህ አይደለም።

እማዬን በተመለከተ። እኔ ታንክህን ልጥለው አንስቼ ነበር። ቀማችኝ። ሳፋ በውኃ ሞልታ በሳሙና አጠበችው። ውኃው ጠቆረ፤ ደፍታ ሌላ ቀዳች፤ እንደገና ጠቆረ። ጥላሸቱም ዝገቱም ጭቃውም ሄደ። “ቢሻው ከቤት ሲወጣ ንጹሕ ነበር” አለች። አንተ ያን ያህል የደከምህበት እርጅና ተጠርጎ አሁን አረንጓዴ ሆኖ መስኮት ላይ ተቀምጧል።

ግን አታለቅስም። የነፍስ አባቷ መምሬ ኪዳነ ማርያም መጥተው ፍትሐት ይደረግ፣ ተዝካሩም ይታሰብ ቢሏት፣ “ማን አረዳኝ?” አለቻቸው። “አንድ ሰው ቁጥር አነበበልኝ እንጂ ማንም አላረዳኝም።” መለሱላት፣ ለመኗት፤ አልሰማችም። ሌሊቱን ስትገላበጥ እሰማታለሁ፤ ጠዋት ግን ዓይኗ ደረቅ ነው። ሰው ሐዘኑን ውጦ እስከ መቼ ይቆያል? እናቴ በዚህ ትሞትብኛለች ብዬ እፈራለሁ። የጀመርኸውን ጨርስ። ብር አልፈልግም፣ መድኃኒት አልፈልግም። አፍህን ይዘህ ና።

ናዝራዊት


ማልሞ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016

ለናዝራዊት፣

ይህን አጭር አድርጌዋለሁ። ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ። ጾመ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ጎንደር እገባለሁ። አያ አለነንም ደውዬ አብረን እንሄዳለን ብዬዋለሁ፤ አለቀሰ፤ እሺ አለ። ቤታችሁ አላድርም፤ አዘዞ አድሬ በማለዳ እመጣለሁ።

ተናድጄብሻለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። አንቺም እንዳልበረደልሽ አውቃለሁ። ሆኖም ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅምና፣ ሥርዓቱን ጻፊልኝ።

ሐዲስ


ጎንደር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016

ለአያ ሐዲስ፣

መንገድህን ያቅናልህ። ይህኛውን ምርቃት እኔ ነኝ ያልኩት፤ አልበረደልኝም፣ ግን መንገድህ ይቅና።

ሥርዓቱን ጠየቅኸኝ፤ እማዬን ጠየቅኋት። እየነገረችኝ በራሷ ቃል ጻፍኩት። መምሬ ኪዳነ ማርያም ይምጡ። አለነ ይቅደም፣ ሐዲስ ይከተል፤ የሚናገረው ግን ሐዲስ ነው፤ አለነ ከእንግዲህ ለእኔ አይናገርም፣ ይቁምና ይስማ። ዙሪያውን አይዙሩ፤ አርፏል አይበሉ፣ ሄዷል አይበሉ፣ ሞቷል ይበሉኝ፤ የት እንደሞተ፣ ማን እንዳወጣው፣ የት እንደተኛ፣ ስሙን ጠርተው ይንገሩኝ። ጥቁር ልብሴን እጅጋየሁ ደብቃ ትያዝልኝ፤ እኔ እንዳላየው። በዋዜማው ራቴን እበላለሁ፤ እንደማላውቅ ሆኜ እተኛለሁ።

እኔ ደግሞ፣ እማዬ፣ ሁሉን ታውቂ የለ፣ ለምን ትደክሚያለሽ አልኳት። ተቆጣችኝ። በእኔ ላይ እንዲህ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። “ማወቅና መረዳት አንድ ነው?” አለችኝ። “ለቢሻው የሚገባው ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ በር የሚያንኳኳ ሰው አጥቷል።”

ከዚያ ተረጋግታ ይህን አስጻፈችኝ፦ “ለሐዲስ በይው፤ እኔ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ አይከብደኝም። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም ነፍስ ይማር እንዳይለኝ።”

ናዝራዊት